ባሌ ያለ ቁስል መምጣት የጀመረ ጊዜ

ሌላ ሴት የባሏን ኪስ ትፈትሻለች፤ እኔ የምፈትሸው እጁን ነበር።

ባሌ በያጅ ነው። ነገሌ ቦረና፣ የውሃ ቦቴዎችና የመንገድ ማሽኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ይሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ፋሻ እጠቀልላለሁ። አመሻሽ ላይ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ እጁን ተቀብዬ ወደ ብርሃን አዞረዋለሁ። የእሳት ፍንጣሪ የጠበሰው፣ ላሜራ የላጠው፣ ውሃ ቋጥሮ ያበጠ ነገር አይጠፋበትም። በርጩማ ላይ አስቀምጬ በጨው ውሃ አጥብለታለሁ፣ ቅባት እቀባዋለሁ፣ እሸፍንለታለሁ። የምናወራው ያኔ ነበር፤ ስለ ቀበሌ ስብሰባ፣ ጓሯችን እየገባ ስለሚያስቸግረን የጎረቤት ፍየል፣ ወደራ ስላለችው እናቴ። ባሌ ሌላ ጊዜ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣለት ሰው ነው። እጁን ሳጥብለት ግን ምላሱ ይፈታል። ልጅ አልነበረንም፤ ቤታችን ውስጥ የሰው ድምፅ የሚሰማው በዚያች ሰዓት ነበር።

ድርቁ የበረታ ዓመት ጋራዡ አዲስ ሥራ መጣለት። ቦቴዎቹ ወደ ፊልቱም ሆነ ወደ ሌላው ቆላ ውሃ ይዘው ሲደርሱ ከብቱና ግመሉ የሚጠጣበት ገንዳ የለም፤ ውሃው ቢገለበጥ አሸዋ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ቤንዚንና ናፍጣ ያለቀባቸውን በርሜሎች ቁመታቸውን በእሳት እየሰነጠቁ ገንዳ እንዲያደርጓቸው ታዘዘ። ባዶ በርሜል የሚባል ነገር ግን የለም። ቤንዚኑ ተንጠፍጥፎ ቢወጣም ትነቱ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ እሳት ሲጠጋው ፈንድቶ ሰው ይዞ ይሄዳል። ይህን የጋራዥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማወቅና መጠንቀቅ ግን አንድ ቤት አያድሩም።

ከዚያ ሥራ ጋር አንዲት ሴት መጣች። ከተልተሌ ነው የመጣችው። የመሣሪያ ቤቱን እንድትይዝ ተቀጠረች፤ ጓንቱን፣ መነጽሩን፣ መዶሻውን የምታወጣው እሷ ነች፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ቁልፍ በመስኮት የምትሰጠውም የምትቀበለውም እሷው ነች። ባሏ የሞተባት ነበረች።

መምጣቷን ማንም አልነገረኝም። ያወቅኩት ከባሌ እጅ ነው። አንድ ቀን ማታ እጁን ባገላብጥ ምንም የለበትም። ጌታን አመሰገንኩ። በማግስቱም የለበትም፤ አሁንም አመሰገንኩ። ሳምንት ሲሞላው ግን ማመስገኑን ተውኩ። እጁን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ዝም ይላል። በርጩማው ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

«እጅህ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም አልሆነ።»

«ምንም ያልሆነው ለምንድን ነው?»

እንደ እብድ አየኝ። «አዲሷ መሣሪያ ቤት ጓንትና መነጽር ካላየች ቁልፍ አትሰጥም» አለኝ።

«ሴት ናት?»

«አዎ።»

አዎ አለ! እንዲህ በቀላሉ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ቤቴ ገባች፤ በእግሯ ሳይሆን በባሌ አፍ። ቡታጋዟን ሁልጊዜ በር አጠገብ ነበር የማስቀምጣት፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወደ ጥግ ተዛውራለች። «ነፋስ ከገፋት መጋረጃው ይያያዛል» አለኝ። ለዓመታት እዚያው ስትነድ ነፋስ ያልታየው ሰው! መልሼ በር አጠገብ አስቀመጥኳት። በማግስቱ አሁንም ጥግ ናት። ደግሞ መለስኳት። እንዲህ ስንገፋፋ ሰነበትን፤ ሁለታችንም የማን ሐሳብ እንደሆነ አንነጋገርም።

ክሊኒኩም አልተረፈልኝም። የጋራዥ ልጆች ከወንበሬ ጠፉ። አብራኝ የምትሠራው ድሬሰር ነገር ማቀጣጠል ትወዳለች፤ «የመሣሪያ ቤቷ ሴት እንጀራሽን ልትዘጋብሽ ነው፣ ባልሽንም እንዳትቆልፍብሽ» ብላ ትስቅብኛለች። አብሬ እስቃለሁ። እሑድ ጸሎት ቤት ተንበርክኬ ይህን ቅናት ከእኔ አርቅልኝ እላለሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ በሴቶቹ ወንበር ላይ መጥታ እንደሆነ እፈልጋታለሁ።

ያገኘኋት ገበያ ውስጥ ነው፤ ወተት ተራ። አንዷ ጠቁማ አሳየችኝ። ቆንጆ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለቁንጅና መልስ አይጠፋም፤ ይረግፋል ብዬ እጽናና ነበር። እሷ ግን እንደኔው ተራ ሴት ናት። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፤ አንድ ሁለት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ሄጄ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?» አልኳት። ሆን ብዬ ነው፤ አንቱታ እንደሷ ላለች ሴት ከስድብ ይበልጣል።

ሳቀች። «አካም እህቴ? በምን በለጥኩሽና ነው አንቱ የምትዪኝ? ናጋ?»

«ናጋ።»

«ናጋ ማና?» ቤትሽስ ሰላም ነው ማለቷ ነው።

«ናጋ» አልኳት።

ቶሎ አላለፈችም። መልሴን እንደ ወተት እያሸተተች ትንሽ ቆየች። ለካ የማን ሚስት እንደሆንኩ ታውቃለች፤ «የባልሽ እጅ ጥሩ እጅ ነው» አለችኝ፤ «እኛም እየጠበቅነው ነው።»

እኛም! ወተቱን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት።

ጋራዥ ውስጥ ምን እንደምታደርግ የሰማሁት ከአንድ የጋራዡ ሽማግሌ በያጅ ነው። ወባ ይዟቸው ክሊኒክ መጥተው ነበር። ኪኒናውን እየሰጠኋቸው፣ «አባባ፣ የእናንተ ሰዎች መቁሰል ተዉ እንዴ?» ብዬ ነካ አደረግኳቸው። ሰውየው ወሬ ይወዳሉ፤ ብርዱ እያንቀጠቀጣቸው ጀመሩት።

«ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ናጋ ከለከለችን እኮ» አሉኝ።

እዚያ አገር ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በእኛ ዘንድ ናጋ ሲሉህ ናጋ ነው የምትለው። ከብትህ ያለቀ እንደሆነ፣ ቤትህ የነደደ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ናጋ ትላለህ፤ ትቀመጣለህ፤ ትጠጣለህ፤ ክፉውን ነገር ኋላ ታወጣዋለህ። ከክፉው የሚጀምር ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ደግ ወግ ነው፤ እኔም ያደግኩበት ነው። የሴትዮዋን ባል የገደለው ግን፣ እሳቸው እንዳሉኝ፣ ይኸው ወግ ነበር። ይሠራበት በነበረው ጋራዥ ጠዋት በርሜሎቹን ያመጣውን ሰው «በርሜሎቹ ናጋ?» አለው፤ ሰውየው «ናጋ» አለ፤ የታጠቡ ይሁኑ ያልታጠቡ አላየም ነበር፤ የሰላምታ መልስ ነው የሰጠው። ባሏ እሳቱን አስጠጋ።

«ስለዚህ እሷ መስኮት ላይ ናጋ ብሎ ቁልፍ መውሰድ የለም» አሉ ሽማግሌው። «የጋዙ ጎማ እንዴት ነው ትላለች፤ ያየኸውን ትናገራለህ። በጣትህ ሄደህበታል? የተሰነጠቀ አለው? በርሜሉን ማን አጠበው? አፍንጫህን አስጠግተሃል? ቢፈነዳ ክዳኑ ወደ ማን ነው የሚሄደው? መጀመሪያ ሳቅንባት። በኋላ ግን ስትጠይቀን እኛም ማየት ጀመርን። ትነቱ እንዲወጣ ውሃ ሙሉበት ስትል ደግሞ ኃላፊያችን ተቆጣ፤ ሰው በጀሪካን እየተሰለፈ በርሜል ይጠጣል ወይ አለ። እውነቱን ነው። ተከራከርን ተከራከርንና፣ የአንዱን በርሜል ውሃ እየጨለፍን ወደ ሌላው መገልበጥ ጀመርን። ያው አንዱ ቆሻሻ ውሃ ስንቱን በርሜል አስቆረጠን።»

እውነት ለመናገር ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ራሴ ስንቱን በሽተኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ስቆጣ እውላለሁ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም።

«መጨረሻ ላይ ደግሞ ማና ትላለች። ቤትህስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ያጣ፣ የተጣላ፣ የጠጣ ሰው እሳት አይነካም።»

«የባሌንም ቤት ትጠይቃለች?»

«የሁላችንንም።»

የሁላቸውንም ተዉትና፤ የእኔን ቤት! ሌላ ሴት ጠዋት ጠዋት በመስኮት አንገቷን አውጥታ ባሌን ቤትህ እንዴት አደረ ትለዋለች። እኔ የማላገኘውን ቃል እሷ በቁልፍ ትገዛዋለች። ምን ይላት ይሆን? ሚስቴ ነገረኛ ናት? ሚስቴ አልወለደችም? ያን ቀን በበሽተኛ ደህና ክንድ ላይ ፋሻ ሳልጠቀልል መዋሌ የጌታ ቸርነት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሳይቀዳ አፈነዳሁት።

«ከዛሬ ጀምሮ የቤቴን ነገር ለዚያች ሴትዮ እንዳታነሳ!»

«ለየቷ?»

«ታውቃታለህ!»

«ምንም አላልኳት።»

«ምንም የማትለው ለእኔ ነው! ለእሷማ አፍ አለህ!»

ባሌ አይጮህም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ኮቱን ከምስማሩ አንስቶ፣ ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ። በሩን እንኳ አልወረወረውም። እኔም ጥቂት ቆይቼ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተከተልኩት። ክሊኒኩ ይከፈት አይከፈት አላሰብኩም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ እኔም ከሥሩ ልይዛቸው ነው የሄድኩት።

ጋራዡ ግቢ ውስጥ አንድ ቦቴ ቆሞ ነበር። ከኋላው ቆምኩ፤ መስኮቷ ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። ከአጥሩ ዳር በርሜሎቹ ተደርድረዋል፤ ወደ ፊልቱ ገንዳ የሚጭን መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሰዎቹ ተሰልፈዋል። ከባሌ ፊት የነበረው ልጅ የጋዝ ጎማውን በጣቱ ሄዶበት አንድ ስንጥቅ አግኝቷል፤ እሱን አሳይቷት ሌላ ጎማ ሰጠችው። ባሌ ተራው ደረሰ።

ጓንት አጠለቀ። ግራ እጁን በመስኮቱ አስገባላት። እሷም ቃጫ ገመድ አወጣችና ጓንቱን አንጓው ላይ ጠምጥማ አሰረችለት። ቀስ ብላ። የልጁን እጅ አላሰረችም፤ የሌላም ሰው አላሰረችም፤ የባሌን ብቻ። ልወጣ ስል ድምፅዋ ያዘኝ።

«በርሜሉስ?»

«ሁለቱንም ቡሽ ከፍቼ በሶዳ አጥቤዋለሁ። አሽትቼዋለሁ፤ ትንሽ ሽታ ይቀረዋል። እስከ መቁረጫው መስመር ውሃ እሞላዋለሁ። ክዳኑ ወደ አጥሩ ነው የዞረው፤ እዚያ ሰው የለም።»

ይህን ሁሉ ቃል! ባሌ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ከተጋባን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«ማና?» አለችው።

ወደ አጥሩ አየ።

«ማና?»

«ናጋ» አለ።

«እሱን ለመንገደኛ በለው።»

ከዚያ ራሱን ዝቅ አደረገና፣ «ናጋ አይደለም» አለ። «ጠዋት ተጣልተን ነው የወጣሁት። ሻይም አልጠጣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ሌላ ነገር ጨምሮ ቢሆን፣ ነገረኛ ናት ቢል፣ ዘልዬ እገባ ነበር። አልጨመረም። ሴትዮዋ የገመዱን ቋጠሮ ፈታች፤ የሲሊንደሩን ቁልፍ ወደ ምስማሩ መለሰችና በመስኮት መጥረጊያ አቀበለችው። «ዛሬ ግቢ ጥረግ» አለችው። የጋራዡ ኃላፊ ከቢሮው እየሮጠ መጣ፤ መኪናው እየጠበቀ ነው፣ ሕዝብ ውሃ ይጠብቃል ብሎ ጮኸባት። «ጓድ፣ ሕዝቡ የሚጠብቀው ገንዳ ነው፤ የእኛን ሬሳ አይደለም» አለችው፤ ቁልፉንም ከባሌ ኋላ ለቆሙት ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

ባሌ መጥረጊያውን ይዞ ሲዞር እኔን አየኝ። ጥጉን መጥረግ ጀመረ። እኔ ቀጥ ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ሌላውን ሳያስሩ የእኔን ባል እጅ ለምንድን ነው የሚያስሩት?» አልኳት። ንዴት አንቱታውን አላስረሳኝም።

እሷ አልተቆጣችም። ገመዱን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች አየችኝ። «ቁስሉን ስታጥቢ የኖርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «የትኛው እጁ ነበር የሚቆስለው?»

ግራ። ሁልጊዜ ግራ።

«ለምን እንደሆነ እሱን ጠይቂው እህቴ። እኔ ብነግርሽ ነውር ነው።»

ቀኑን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ባሌን የማውቀው በእጁ ነው፤ ያንን እጅ ደግሞ ሌላ ሴት ከእኔ በላይ አንብባዋለች። ቅናት ምን እንደሆነ እስከዚያን ቀን ያወቅኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያ መለማመጃ ነው። ቁስልን እንዴት መጣ ብሎ መጠየቅ የእኔ ሙያ ነው፤ የገበሬውን ጠይቄያለሁ፣ የወታደሩን ጠይቄያለሁ፤ የገዛ ባሌን ቁስል ግን የበያጅ ቁስል ብዬ አስሬ አስሬ አልፌዋለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ፀጉሩና ቅንድቡ በቀይ አቧራ ተሸፍኗል። ውሃ አቀረብኩለት፤ ታጠበ። እራቱን አወጣሁና ሳህኑን ይዤ ቆምኩ።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ ግራ እጅህ የሚቃጠለው?»

«እንዲያው ነው» አለ፤ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ።

ሳህኑን ወደ ኋላ ሳብኩት። ቁልፍ የምትከለክለው እሷ ብቻ ናት እንዴ? «እንዲያውን ለመንገደኛ በለው» አልኩት።

ሊስቅ ከጀለ፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ውጭ ግመል ነጂዎች ያልፋሉ፤ የቃጭሉ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

«ቀኙ ይሠራበታል» አለ። «ግራው ቢቃጠል አያስቸግርም።»

«ቢቃጠል ማለት?»

«ጓንቱን አወልቀው ነበር። ሁልጊዜ አይደለም። አንቺ ዝም የምትዪ ሰሞን።» እያየኝ አልነበረም። «ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ስታጥቢ ውለሽ ነው የምትመጪው። ቁስል የሌለበት ሰው አይታይሽም። ቁስል ይዤ ስመጣ ታናግሪኛለሽ።»

ሳህኑን ወለል ላይ አስቀመጥኩት። ዝምተኛው እሱ ነው እያልኩ ስኖር እሱ ደግሞ ዝምተኛዋ እኔ ነኝ ይላል። ሥጋውን እየጠበሰ ነው ያናገረኝ።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ይሆናል። እኔን ግን፣ አልዋሽም፣ ያኔም የቀደመኝ ቅናቱ ነው።

«ይህን ለሷ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም። አንድ ቀን በእሳት ላይ ጓንቱን ሳወልቅ አየችኝ። ለምን አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ እንዳላወልቀው ታስረዋለች፤ አንድ እጄ በሥራ ተይዞ ቋጠሮውን መፍታት አልችልም።»

«እንዴት አድርጋ ነው የምታስረው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንገረኝ!»

«ሁለት ጊዜ ትጠመጥመዋለች፤ ከዚያ ትቋጥረዋለች።»

«ነገ ጓንቱን ቤት ይዘኸው ና» አልኩት። «እኔ ሦስት ጊዜ ነው የምጠመጥመው።»